የምክር ዓምድ፦ ከቀለሟ በፊት ፍሬኗን

ጥያቄ

«የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 28 ነው፤ የምተዳደረው በእንጨት ሥራ ሲሆን ብየዳም እሞክራለሁ። አባቴ ሲነዳት የኖረች ቮልስዋገን 1300 አለችን። እሱ ካረፈ በኋላ ጫጫ አካባቢ አያቴ ግቢ፣ በረት ውስጥ 11 ዓመት ቆመች። ባለፈው ወር በአይሱዙ ጭነን ወደ ቤታችን አመጣናት። ሊብሬዋ የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ይላል። እኅቴ ከፋሲካ በኋላ ሸዋ ሮቢት ትዳራለች፤ አባታችን ባይኖርም በእሱ መኪና ብንሸኛት ብዬ ተመኘሁ። ቀለሟ ተልጧል፣ ከወለሉ ሥር ቀዳዳ ይታያል፣ ሞተሩም ከቆመ ወዲህ አልተነሳም። ጓደኞቼ በገመድ ጎትተን እናስነሳት ይሉኛል። አንድ መካኒክ ደግሞ ሞተሩን በቶዮታ ለውጠው አለኝ። እኔ ግን ቀለም ቀብቻት የእናቴን ፊት ቶሎ ባፈካው ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር? ለሠርጉስ ትደርሳለች?
የአባቱ ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን»

መልስ

ወንድማችን፣ አባትህን ነፍስ ይማርልህ። ደብዳቤህን አንብበን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ መንገዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ከ1,300 ሜትር በታች ናት። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ከነሙሽራዋ የምትወርደው አራት የታምቡር ፍሬን ብቻ ያላት መኪና ናት። የሥራህን ቅደም ተከተል የሚወስነውም ይኸው ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ አካሏን የሚሸከመው ብረት ይጠገናል፣ ቀጥሎ ፍሬኑ ይሠራል፣ ከዚያ ሞተሩ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ እያለ ቀለሙ ይቀባል፣ በመጨረሻ ነዳጁና ሞተሩ ይገጠማል። ቀለሙን ብታስቀድም ብየዳው ያቃጥለዋል፣ የፍሬን ዘይት ጠብ ካለበትም ይልጠዋል፤ ለአንድ ሥራ ሁለቴ ትከፍላለህ። በየሳምንቱ ቅዳሜና እሑድን ከሰጠሃትና የሚሸከመው ብረት ጨርሶ ካልተበላ ለሠርጉ ትደርሳለች።

ጓደኞችህን አመስግን፣ ገመዱን ግን አስቀምጠው። 11 ዓመት በቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። መኪናዋ እየተጎተተች ማርሽ ሲገባ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ፋሻው ይሰበራል፣ ስባሪውም ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። እሱም ፍሬን በሌላት መኪና ላይ! የቶዮታው ሐሳብም አይጠቅምህም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተር የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ አልተሠራላትም። የሞተሩ ቁጥርም ሊብሬ ላይ ያለ ስለሆነ ለቦሎ ስትሄድ ጣጣ ይሆንብሃል። ቢትል (ያንተዋ የቮልስ ዓይነት) ሜክሲኮ ውስጥ እስከ ሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሲመረት ስለቆየ መለዋወጫው አልጠፋም። አዲስ አበባ ስትወርድ ሶማሌ ተራን ጠይቅ፣ አሮጌውን ዕቃ ግን ለማስተያየት ይዘህ ሂድ።

ምንም ከመፍታትህ በፊት የኋላውን መቀመጫ አንሳ። በመሀል በሚያልፈው የወለሉ ጉብታ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ታገኘዋለህ። የ1969 ሞዴል ከሆነች በ119 ይጀምራል፤ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ያሳያል። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ ብሎኩ ላይ ነው። የዚያ ዘመን 1300 በኤፍ ፊደል ይጀምራል። በዲ ከጀመረ 1200፣ በኤች ከጀመረ 1500 ሞተር ገብቶላታል ማለት ስለሆነ የምትገዛው ዕቃም ይለያል። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አስተያይና ፎቶ አንሳ። ወለል ስትቆርጥ የሻንሲ ቁጥሩ አጠገብ ግራይንደር አታስጠጋ፣ በወፍራም ቀለምም አትድፈነው። የቀለሟን ዓይነት መቀየር ካሰብክ ቀለሙም ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነውና ከመቀባትህ በፊት የመዘገባትን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

ወደ ዝገቱ እንምጣ። በረት ዝናቡን ቢከልልም የከብት ሽንትና እበት ወለሉን እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል። የሚወጣው አሞኒያም መዳብና ነሐስን ስለሚበላ የሽቦ መገጣጠሚያዎችን ሁሉ ጠርጥራቸው። መኪናዋን በአራት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ እግር) ላይ አቁማት። በክሪክ ብቻ ተይዛ ሥሯ እንዳትገባ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ወፍራም ካቻቢቴ ይዘህ በጫፉ ጫን ጫን እያልክ ፈትሽ። ጤነኛ ብረት ጫፉን መልሶ ይገፋዋል፣ የታመመው ደቀቅ ደቀቅ ይላል፣ የሞተው ያሾልከዋል። በመጀመሪያ ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ያለውን የባትሪ ማስቀመጫ ተመልከት፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው እሱን ነው። ቀጥሎ ከፊት በኩል የትርፍ ጎማ ማስቀመጫው፣ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝና የኋላ ፓራውልት የታሰረበት ቦታ ይፈተሻሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን በሁለቱም በር ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ቻናል ነው። ሁለት ሥራ አለው፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ያስተላልፋል፣ አካሏንም ይሸከማል። ወለሉ ተቀዶ ቻናሉ ጤነኛ ከሆነ ሥራው የሁለትና የሦስት ሳምንት ነው። ቻናሉ ራሱ ከተበላ መኪናዋ መሀሏ ላይ ትጎብጣለች። ይህን የሚነግርህ በሩ ነው። ዝጋውና ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ተመልከት፤ ከላይ ያለው ክፍተት ከታችኛው ጠቦ ካገኘኸው አካሏ ወርዷል። በሩን ከፍተህ በእጅህ ከፍ ዝቅ ስታደርገው ከተንቀጫቀጨ ግን ያለቀው ማጠፊያው ነው፣ እሱ ቀላል ነው።

ቻናል መቁረጥ ካለብህ ከመቁረጥህ በፊት የበሩን መግቢያ ደግፍ። ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ አንድ በወገብ ቁመት፣ አንድ ሰያፍ አድርገህ 30 በ30 ቱቦላሬ በየዳ። የበሩ ክፍተት ትክክል መሆኑን በሩን ዘግተህ ካረጋገጥክ በኋላ ነው የምትደግፈው፤ ጎብጣ ሳለች ከደገፍካት ጉብጠቷን አጽንተህ ትበይዳታለህ። አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ሳትጨርስ ሌላውን እንዳትነካ። ከአንዱ ማጠፊያ እስከ ወዲያኛው በር መዝጊያ በሰያፍ ለካ፣ በሌላውም አቅጣጫ ለካ፣ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፍ፤ በየቀኑ እንደገና ለካ። በእንጨት ሥራ የበር ፍሬም ማዕዘኑን የምትጠብቅበት ዘዴ ነው፣ እጅህ ያውቀዋል።

ለመጣፊያ ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ላሜራ ተጠቀም። የጣሪያ ቆርቆሮ እንዳታስገባ፤ ስስ ነው፣ በላዩ ያለው ዚንክም ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ብየዳውም ባዶ ባዶ ይሆናል። ስስ ላሜራ በተራ ኤሌክትሮድ መበየድ ብረቱን ይበሳዋልና የሽቦ ብየዳ ማሽን (0.8 ወይም 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ) መከራየት ያዋጣሃል። አንዴ ነጥብ፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር በኋላ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጥግ ሂድና ብረቱ እስኪበርድ ጠብቅ። በአንድ እስትንፋስ ረጅም መስመር ከበየድክ ላሜራው እንደ ተጠበሰ ቆዳ ይኮማተራል። ከመበየድህ በፊት ባትሪውን አውጣ፣ ከፊት ያለውን የቤንዚን ሰርባቶዮ ፈትተህ ከግቢው ራቅ አድርግ። ባዶ ሰርባቶዮ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፣ ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። ሲያልቅ መጋጠሚያውን በማሸጊያ ማስቲሽ፣ ብረቱን በአንቲረስት ሸፍን። በስውር ክፍሎች ውስጥ ፈሳሽ ሰም መርጨት ጥሩ ነው፤ ሙቅ አየር በሚያልፍበት የቻናሉ ክፍል ግን ዘይትም ግሪስም አታስገባ፣ ማሞቂያውን ስትከፍት ጭሱ ወደ ሙሽራዋ ይመጣል። ስቱኮ ቀዳዳ አይደፍንም። ከ2 እና 3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ይሰነጠቃል፣ በአንቲረስት ካልተቀደመ እርጥበት ይመጥጣል፣ ዝገቱም ከሥሩ ሆኖ ይሄዳል።

ቀጣዩ ፍሬን ነው። እዚህ ላይ ቁጠባ የሚባል ነገር አታስብ።

የኋላው ታምቡር ዳዶ በ36 ቁልፍ የሚፈታ ሲሆን በ300 ኒውተን ሜትር ገደማ የጠበቀ ነው። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይላላ በቀዳዳው የሚያልፈውን ሽቦ) አውጥተህ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ማርሽ አስገብተህና በድንጋይ ደግፈህ ፍታው። መኪናዋ ካቫሌቶ ላይ ሆና ከታገልከው ትጥልሃለች። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ጨምረህ ክንዱን አርዝመው። መልሰህ ስታጠብቅ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሀል 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ክብደቱን ሁሉ ቢያሳርፍበት የሚፈለገው ጥንካሬ ይገኛል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ጨምረህ አጥብቀህ አግጥመው፣ ወደ ኋላ አትመልሰው። ይህ ዳዶ ከላላ የታምቡሩ ጥርስ ይበላል፤ ያኔ ሞተሩ መኪናዋን መሳብ ብቻ ሳይሆን በቁልቁለት በማርሽ መያዝም ይሳነዋል። የፊቱ ግራ ጎማ ደግሞ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድ በመሀሉ የሚወጣበት ነው። በዚያ በኩል ያለው ዳዶ ግራ ጥርስ ስለሆነ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ብዙ ሰው በተለመደው አቅጣጫ ታግሎ ጥርሱን ይጨርሰዋል። ኩሽኔታውን አጥበህ አዲስ ግሪስ ከሞላህ በኋላ ከዳዶው ሥር ያለችው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ስትገፋ ትንሽ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ብቻ አጥብቅ።

ታምቡሩ ሲወጣ በየጎማው አንድ ትንሽ የፍሬን ፖምፓ ታያለህ። ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ገልጠህ ውስጡን በጥፍርህ ዳስ። ጥፍርህ የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ ብቻ መቀየር አያዋጣም፣ ፖምፓው ይቀየር። በዚህ ዕድሜና በዚህ ቆይታ አራቱንም መቀየር ነው ምክራችን። አራቱን ተጣጣፊ ጎማ ቱቦዎች ሳትመረምር አስወግዳቸው፤ ከውጭ ጤነኛ መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፣ ዘይቱ በግፊት ይገባል፣ ሲለቀቅ ግን አይመለስም፣ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። የኋላው የፍሬን ሸራ በካምቢዮ ዘይት ርሶ ካገኘኸው የአክሱ ማኅተም ያፈስሳልና እሱን ሳትቀይር አዲስ ሸራ አታስገባ። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ሁልጊዜም ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየራል። ከፊት ያለው ዋናው ፖምፓ ነጠላ መስመር ከሆነ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፤ ስለዚህ የዛጉትን የብረት ቱቦዎች ከዳር እስከ ዳር ለውጥ።

ይህን ደግሞ አደራ። የፍሬን ፔዳሉ ዘንግና የዋናው ፖምፓ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት። በእግርህ ስትዳስሰው ፔዳሉ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ሆኖ ይሰማሃል። ክፍተቱ ከሌለ ዘይቱ የሚመለስበት ቀዳዳ እንደተደፈነ ይቆያል። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መመለሻ ስለሌለው ሸራውን ይገፋል፣ ፍሬኑም በራሱ እየያዘ ይሄዳል፣ ይበልጥም ይግላል። በሜዳ ላይ ሳይታወቅ ኖሮ ቁልቁለት ላይ ራሱን የሚገልጥ ጥፋት ነው።

ዶት 4 የፍሬን ዘይት፣ ማኅተሙ ያልተከፈተ፣ 1 ሊትር ግዛ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ የጠጣው ግን በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። አየር የምታወጣው ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው ጀምረህ ነው፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ሸራውን ለማቀራረብ በታምቡሩ ወይም በጀርባ ሳህኑ ባለው ቀዳዳ በኩል የኮከብ ጥርስ ያላቸውን ሁለት ማስተካከያዎች ጎማው እስኪያዝ አዙራቸው፣ ከዚያ ጎማው ነጻ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ መልስ።

ሞተሩን ለማውጣት ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው፣ ሁሉም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። በመጀመሪያ ባትሪው ይነቀል፤ የሞተሪኖው ገመድ ምንጊዜም ኃይል አለበት። የጋዝ ገመዱን፣ ሁለቱን የማሞቂያ ገመዶች፣ የቤንዚን ቱቦውንና የዲናሞውን፣ የቦቢናውንና የዘይት መብራቱን ሽቦዎች ፍታ፤ በየሽቦው ላይ ወረቀት ለጥፈህ ጻፍበት። ሞተሩ 100 ኪሎ ያልፋልና ሁለት ሰውና ክሪክ ያስፈልጋል። ወደ ታች ከመልቀቅህ በፊት ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳበው፤ ግማሽ ተስቦ ከተንጠለጠለ የካምቢዮውን ዘንግና የፍሪሲዮኑን ሳህን ያጣምማል።

ከወጣ በኋላ የማራገቢያውን ቤት አንሳ። በረት ውስጥ የቆመች ቮልስ ውስጥ አይጥ ያልገባበት እምብዛም አይገኝም፤ ገለባ፣ ሱፍና ፍግ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ ታገኛለህ። ያ ሳይወጣ ሞተሩ ቢነሳ በሜዳ ላይ ምንም አይል፣ ዳገት ላይ ይቃጠላል። የዘይት ማቀዝቀዣው በዚህ ሞዴል በማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድ በመጀመሪያ የሚቃጠለው የሦስተኛው ማስወጫ ቫልቭ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና ጠርዛቸውን የሚይዘውን ጎሚኒ አንዳቸውንም ሳታጎድል መልስ። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች የጋለው አየር ከታች ዞሮ በማራገቢያው ይገባል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን አየር የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም «ለአገራችን አያስፈልግም» ብለው የሚያወልቁት አሉ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊል አይገባውም፣ ቴርሞስታቱ ይቆይ።

ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ ደኅና መሆኑን የምታውቅበት መንገድ አለ። አራቱን ካንዴላ አውጣ፣ በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር፣ ሁለት ቀን ተወው። ከዚያ የዲናሞውን ፑሌ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በእጅ አዙር። እንቢ ካለ አታስገድደው፣ ዘይቱን ጨምረህ ሳምንት ጠብቅ። ከዞረ ታችኛውን ትልቁን ፑሌ በሁለት እጅህ ያዝና ወደ ራስህ ሳብ፣ መልሰህ ግፋ። ምንም ሳይሰማህ ከቀረ ጥሩ ነው፤ የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ይህን እጅ አይለየውም። «ቀጭ» ካለ ግን ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ከነኩሽኔታው ተበልቷልና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ስትለካ በእኛ ከፍታ ንባቱ በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ካለው ማነሱ አያስደንግጥህ። ዋናው ነገር አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው።

ቫልቩን ሞተሩ በርዶ፣ ከሌሊት በኋላ በጠዋት አስተካክል። ስፔሶሩ (ቀጭኗ መለኪያ ላሜራ) ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንደኛው ሲሊንደር ጀምረህ ፑሌውን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር ስታዞር ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው ይመጣልሃል። ፑንቲናው (እሳቱን የሚቆርጠው መገናኛ) 0.4፣ ካንዴላው 0.7 ሚሊ ሜትር ይከፈት። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ የወረቀት ፊልትሮም የላትም፣ ከሥር ያለችው ወንፊት ናት። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀይርና ወንፊቷን እጠብ። የወንፊቷን ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች በጣት ጉልበት ያህል ብቻ አጥብቃቸው፤ የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ጥርሱ ወዲያው ይፈርሳል።

ማግኒዥየም መሆኑ ሌላም ነገር ያስታውሰናል። እሳት ከያዘው በውኃ አይጠፋም፣ ውኃው ያባብሰዋል። ስለዚህ እሳቱ ከመነሻው እንዳይመጣ አድርግ። የቤንዚን ቱቦ አዲስ፣ የውስጡ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሁለት ሜትር ግዛና ከሰርባቶዮው ሥር ያለውን፣ ከሞተሩ በፊት ያለውንና ከቤንዚን ፖምፓው ወደ ካርቡራተር የሚሄደውን ሁሉ ለውጥ፣ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ እሰር። ቱቦው ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒ ይኑረው፣ አለዚያ በንዝረት ይቆረጣል። በካርቡራተሩ ላይ የተተከለችውን የነሐስ መግቢያ በጣትህ አወዛውዛት፤ ከተንቀሳቀሰች አንድ ቀን ከቱቦው ጋር ትወጣና ቤንዚኑን በጋለው ሞተር ላይ ትረጨዋለች። ፊልትሮውን ሞተሩ ክፍል ውስጥ አታንጠልጥል፣ ከፊት ከሰርባቶዮው ሥር አድርገው። የደረቅ ዱቄት ማጥፊያና አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ሥራ በሠራህበት ቀን ሁሉ አጠገብህ ይሁኑ።

ስለ ካርቡራተሩ። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩም በዚያው መጠን ጉልበት ይቀንሳል፣ ይህ ጥፋትህ አይደለም። ካርቡራተሩ ግን የነዳጁን መጠን በዚያ ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ 15 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይጨሳል። የዋናውን ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ቁጥር አንብብ። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። 125 ቢሆን ለደብረ ብርሃን ብቻ ከሆነ 117.5 ይስማማል። አንተ ግን ሸዋ ሮቢት ልትወርድ ነው። እዚያ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ለደጋ የጠበበ ጄት እዚያ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ነዳጅ ያነሰው የአየር ሞተር ደግሞ ይጋያል። ስለዚህ 120 አድርገው፣ ደጋ ላይ ትንሽ ቢጠቁር ግድ የለም። ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይረገጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ሞተሩ ሲሞቅ አስተካክል፣ ሲበርድ አትንካው። ጥሩ የሆነ ካንዴላ ከተነዳ በኋላ ሲወጣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ነጭ ሆኖ ካገኘኸው አቁም።

ሙሽራዋ የምትቀመጥበትን ቦታ ልዩ ትኩረት ስጠው። ባትሪው ከመቀመጫዋ ሥር ነው፣ መቀመጫው ደግሞ የብረት ሞላ አለው። ቁመቱ የረዘመ ባትሪ ከገባና ሰው ሲቀመጥ ሞላው ሁለቱን ጫፎች ከነካ ሽቦው ይቀላል፣ በሞላው ላይ ያለው ድርና ጥጥ ይቀጣጠላል። ይህ በቮልስ የታወቀ አደጋ ነው። በልኩ የሆነ ባትሪ ምረጥ፣ በማሰሪያው ጥብቅ አድርገህ እሰር፣ ከላይ በወፍራም ጎማ ሸፍን። ከዚያ አንተ ራስህ መቀመጫው ላይ ደጋግመህ ተቀምጠህ፣ አንስተህ ጎማው ላይ የሞላ ምልክት መኖሩን ተመልከት። ማሞቂያውን ከመክፈትህ በፊትም በማርሚታው መጋጠሚያ ሁሉ የሚያፈስስ ጭስ እንደሌለ እጅህን አስጠግተህ ፈትሽ፤ ያ ጭስ በቻናሉ በኩል ካቢና ይገባል፣ ጠረኑን ሳያሰማ ያደነዝዛል።

ቀለሙን የካቲት ላይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ቀባ። በጠዋቱ ጤዛ ወይም በማታው ብርድ ላይ አትርጭ፤ ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም፣ ይፈዝዛል። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከሰዓቱ ነፋስ በፊት ጨርስ። አራቱን ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) በ13 ቁልፍ ፈትተህ ለየብቻ ቀባቸው፤ በመጋጠሚያው ሥር የሚደበቀው ዝገትም ያኔ ይታይሃል። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ180 ተነሥቶ በ320 አልፎ በ600 ያልቃል። ማጠንከሪያው ሳንባ ይጎዳል፤ ጨርቅ በአፍንጫ ላይ ማሰር አይበቃም፣ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ይኑርህ።

ሚያዝያ ላይ 500 ኪሎ ሜትር በደብረ ብርሃንና በጫጫ፣ በሸኖ መካከል ንዳት። የጎማውን አየር ራዲያል ከሆነ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ሙላ፤ ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ እኩል ከሞላህ ትንሸራተታለች። ከዚያ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ያለ ሙሽራ፣ ሦስት ሰው ጭነህ እስከ ደብረ ሲና ውረድ። ከጣርማ በር ጀምረህ በሁለተኛ ማርሽ ሂድ፣ ፍሬኑን እግርህን አሳርፈህ አትያዝ፤ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ቀንስ፣ ልቀቅ። ደብረ ሲና ስትደርስ ቁምና እጅህን ሳታስነካ ወደ አራቱም ታምቡር አቅርብ። ሁለቱ የፊቶቹ እኩል፣ ሁለቱ የኋላዎቹ እኩል መጋል አለባቸው። አንዱ ከጓደኛው ተለይቶ ከጋለ የዚያን ጎማ ማስተካከያ አንድ ጥርስ መልስ። ፔዳሉ ከለሰለሰ ግን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነውና ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር አቁማት፣ ታምቡሩ ላይ ውኃ አታፍስ ይሰነጠቃል፣ ቤት ስትመለስም ዘይቱን በሙሉ ቀይረህ የፔዳሉን 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንደገና ለካ።